ሽጉጡ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትልም ሆነ ዳላስ፣ አበሻ በሚሰበሰብበት ቡና ቤት የጅምላ ግድያ ዜና በቴሌቪዥን ከመጣ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። አንዱ «ይሄን መሣሪያ ለምን አይሰበስቡትም?» ይላል። ሌላው «ሌባው ታጥቆ እኔ ባዶ እጄን ልቀመጥ?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ገና አፉን ሳይከፍት ወሬው ትራምፕና ባይደን፣ ዴሞክራትና ሪፐብሊካን ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ስለ መሣሪያው የሚያወራ የለም፤ ማን ማንን እንደመረጠ ነው የሚወራው።

እንዲህ ያለውን ክርክር «ምን አገባን» ብለው የሚሸሹ አሉ። እኔ ግን በደንብ እንዲካሄድ እፈልጋለሁ። በነዳጅ ማደያና በትንሽ ሱቅ ካሽ ሬጅስተር ጀርባ የሚቆመው፣ ሌሊት ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያወርደው የእኛ ሰው ነው። ጉዳዩ ያገባናል። የሚያበላሸው የምንጀምርበት ቦታ ነው፤ ወይ ከመሣሪያው ዓይነት ወይ ከፕሬዚዳንቱ እንነሳለን። እኔ የምለው፣ አንድ ሽጉጥ ከፋብሪካ ወጥቶ ተኳሹ እጅ እስኪገባ ያለፈበትን መንገድ እንከተል ነው። ሕግ አንድን መሣሪያ ሊይዘው የሚችለው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ያንን ቦታ የሚያውቅ ሰው የየትኛውም ወገን ደጋፊ ቢሆን ክርክሩ ፍሬ ይኖረዋል። (ሌላ ካልተባለ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ከአገር ቤት ይዘነው ስለመጣነው ግንዛቤ ጥቂት ልበል፤ ብዙውን ጊዜ ክርክሩን የሚያጣምመው እሱ ነውና። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መነሻው ፈቃድ ነው። በገጠሩ ጠመንጃ የክብርና የውርስ ዕቃ ሆኖ ቢቆይም በሕግ ዓይን ግን መሣሪያ የሚያዘው መንግሥት ሲፈቅድ ነው። የአሜሪካው መነሻ ተቃራኒው ነው። ከ1791 ጀምሮ ያለው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን መብት ያደርገዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር ጉዳይ ይህ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ወሰነ፤ ጉዳዩ የመጣውም ከዚሁ ከዋሽንግተን ዲሲ ነበር። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ እንዳይኖራቸው ከልክላ ስለነበር ክልከላው ፈረሰ። በ2022 ብሩን በተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ እርምጃ ሄደ፦ መሣሪያን የሚገድብ ሕግ ያወጣ መንግሥት ሕጉ ከአገሪቱ የቆየ የቁጥጥር ታሪክ ጋር እንደሚጣጣም ማሳየት አለበት። በ2024 ደግሞ በራሂሚ ጉዳይ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ የወጣበትና ለሌላ ሰው አደገኛ መሆኑ የተረጋገጠ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል አለ።

እንግዲህ «ይሰብስቡት» የሚለው ወዳጃችን የሚጠይቀው ነገር በሕጉ መነሻ ላይ ይጋጫል። በግለሰቦች እጅ ያለው መሣሪያ ወደ 400 ሚሊዮን ይገመታል፤ ፒው የምርምር ማዕከል በ2023 ባደረገው ጥናት ከአዋቂዎቹ 32 በመቶ የሚሆኑት የራሳቸው መሣሪያ እንዳላቸው ተናግረዋል። ይህን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሮ የሚሰበስብ መንግሥት የለም፤ ለማድረግ ቢሞክርም ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ግን ደግሞ «መብት ነው፣ አለቀ» የሚለውም ወገን ራሂሚን ማንበብ አለበት። መብቱ ወሰን አለው፤ ክርክሩ ያለው ወሰኑ የት ይሁን በሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። የመጀመሪያው መተላለፊያ የሻጩ ጠረጴዛ ነው። የፌዴራል ፈቃድ ያለው ሻጭ ጋ የሄደ ሰው 4473 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ የትውልድ ቦታና ዜግነት፣ ዜጋ ካልሆነ የኤሊየን ቁጥሩን (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩን)። ቀጥሎ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተፈርዶብሃል? በቤት ውስጥ ጥቃት፣ ቀላል ወንጀል ቢሆንም እንኳ፣ ተፈርዶብሃል? ማሪዋና ወይም ሌላ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ? በፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ገብተህ ታውቃለህ? ሻጩ ቅጹን ይዞ ለኤፍቢአይ ይደውላል ወይም በኮምፒውተር ይልካል። ሥርዓቱ ከኖቬምበር 1998 ጀምሮ እየሠራ ነው። እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ግዛቶች ማጣራቱን የሚሠራው የግዛቱ ፖሊስ ነው። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ይሸጥለት፣ አይሸጥለት፣ ወይም ይቆይ።

«ይቆይ» የሚለውን ልብ በሉት። ኤፍቢአይ ሊያጣራው የሚፈልገው ነገር ሲያገኝ ሦስት የሥራ ቀን አለው። ሦስቱ ቀናት ካለፉና መልስ ካልመጣ የፌዴራል ሕግ ሻጩ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል፤ አያስገድደውም፣ ይፈቅድለታል። በጁን 2015 በቻርለስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት ሽጉጡን የገዛው በዚህ ቀዳዳ ነው። ዕፅ መያዙን ያመነበት መዝገብ ነበር፤ ያ መዝገብ ቢገኝ ግዢው ይከለከል ነበር። መርማሪዋ ግን መዝገቡ ከሌለበት መሥሪያ ቤት ስትጠይቅ ቀናቱ አለቁ፤ ሻጩም ሸጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያማል። በኖቬምበር 2017 በሰዘርላንድ ስፕሪንግስ፣ ቴክሳስ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ 26 ሰዎችን የገደለው ሰው ቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ ቁጥሩ በእናቱ ማህፀን የነበረን ጽንስ ይጨምራል። ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ በ2012 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። ሕጉ መሣሪያ እንዳይገዛ ይከለክለው ነበር። አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ለኤፍቢአይ አላስተላለፈም፤ ስለዚህ ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ተጣርቶ ገዛ። በ2021 አንድ የፌዴራል ዳኛ ለደረሰው ጉዳት መንግሥትን 60 በመቶ ተጠያቂ አድርገዋል።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች የማነሳው በክርክሩ ውስጥ «አዲስ ሕግ አያስፈልግም፣ ያለውን አስፈጽሙ» የሚለው አባባል እውነት ስላለው ነው። ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ላይ የጎደለው ሕግ ሳይሆን አንድ መዝገብ ነበር። ቻርለስተን ላይ ግን የጎደለው ሕጉ ራሱ ነው፤ ሦስቱ ቀናት አሥር ቢሆኑ ኖሮ መዝገቡን ለማግኘት በቂ ጊዜ ይኖር ነበር። ስለዚህ አንድ አደጋ ሲደርስ «መሣሪያውን ከየት አመጣው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መልሱን ሳይሰሙ የሚሰጥ መፍትሔ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ የጭፍን ነው።

ሁለተኛው መተላለፊያ ቅጽ የሌለበት ነው። በፌዴራል ሕግ ማጣራት ግዴታ የሚሆነው ፈቃድ ባለው ሻጭ ላይ ብቻ ነው። መሣሪያ መሸጥ ሥራው ያልሆነ ግለሰብ የራሱን ሽጉጥ በዚያው ግዛት ለሚኖር ሰው ሲሸጥ፣ ገዢው የተከለከለ መሆኑን እስካላወቀ ወይም የሚጠረጥርበት በቂ ምክንያት እስከሌለው ድረስ፣ የፌዴራል ሕጉ ቅጽም ስልክም አይጠይቀውም። «የጋን ሾው (የመሣሪያ ባዛር) ቀዳዳ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። በጋን ሾው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ከሚሸጡት ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ሁሉ ያጣራሉ። በኢንተርኔት ከሻጭ ድርጅት የተገዛም መሣሪያ ቀጥታ ቤት አይመጣም፤ በአካባቢው ወዳለ ባለፈቃድ ሻጭ ተልኮ እዚያ ቅጹ ይሞላል። ቀዳዳው ያለው በቦታው ሳይሆን በሻጩ ማንነት ነው፤ በፓርኪንግ ሎትም ሆነ በጎረቤት በረንዳ ሊሆን ይችላል።

ይህን ቀዳዳ ግዛቶች በየራሳቸው ደፍነውታል ወይም ትተውታል። ዋሽንግተን ስቴት በ2014 በሕዝበ ውሳኔ ደፈነው፤ ቨርጂኒያም በጁላይ 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አወጣች። ቴክሳስ ክፍት ትቶታል፤ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው አዋቂ ሽጉጥ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ አያስፈልገውም። ስለዚህ የሲያትሉና የዳላሱ ዘመዳችን በስልክ ሲከራከሩ ሁለቱም ስለሚኖሩበት ቦታ እውነቱን እየተናገሩ ሊጣሉ ይችላሉ። እያወሩ ያሉት ስለ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ መተላለፊያ ሦስተኛው ነው፤ ለሌላ ሰው መግዛት። የአክስት ልጅ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ሌሊት ይሠራል፣ አንዴ ተዘርፏል፣ ፈርቷል። ወረቀቱ ገና አልተስተካከለም፣ ወይም በተማሪ ቪዛ ነው ያለው። «አንተ ዜጋ ነህ፣ በስምህ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እኔ እሰጥሃለሁ» ይላል። ለዘመድ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የቅጹ የመጀመሪያው ጥያቄ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ የሚል ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው እየገዙ «አዎ» ብሎ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ለተከለከለ ሰው መግዛትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ እስከ 15 ዓመት እስር አስቀመጠለት። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ከልብ ስጦታ መስጠት ይቻላል፤ ያውም ተቀባዩ በሕግ ያልተከለከለ ከሆነና ነዋሪነቱና ዕድሜው ከፈቀደ።

ማን ነው የተከለከለው? ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር አይችልም። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለው ሰውም በመሠረቱ አይችልም፤ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ማሪዋና ሌላው ወጥመድ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ አዋቂ ሰው ትንሽ መጠን መያዝ ስለተፈቀደለት ብዙ ወጣት ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። የፌዴራሉ ቅጽ ግን ማስጠንቀቂያውን በጉልህ ጽፎታል፤ ግዛቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ አሁንም የተከለከለ ነው። እያጨሱ «አይደለም» ብሎ መፈረም የውሸት ቃል መስጠት ነው።

ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር እጥፍ ይከብዳል። በኢሚግሬሽን ሕጉ ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ለብቻው ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆናል፤ ቅጣቱ ትንሽ መሆኑ አያድንም። በወንጀል ችሎት ጥፋተኝነትን አምኖ በገደብ የወጣ ሰው ከዓመታት በኋላ ከእረፍት ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ክስ የገጠመው ሰው የወንጀል ጠበቃውን ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ምንም ከመፈረሙ በፊት ማነጋገር ያለበት።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ሌላም ነገር አለ፤ ድልድዩ። ከአርሊንግተን በ14ኛ ስትሪት ድልድይ ዲሲ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ የሚገዛህ ሕግ ይለወጣል። የቨርጂኒያን የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ዲሲ አይቀበለውም። ሜሪላንድም የየትኛውንም ሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበልም። ቨርጂኒያ ውስጥ ምንም ጥፋት የሌለበት ሾፌር ሽጉጡ ወገቡ ላይ እንዳለ ዲሲ ውስጥ ከተያዘ እስከ 5 ዓመት በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። «አላወቅሁም» የሚለው አያድነውም። ከአንድ ሕጋዊ ቦታ ወደ ሌላ ሕጋዊ ቦታ ለሚያልፍ መንገደኛ በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከለላ ይሰጣል፤ መሣሪያው ጥይት የጎረሰ መሆን የለበትም፣ መሣሪያውም ጥይቱም ከመቀመጫው እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ማለትም በመኪናው ኋላ ሻንጣ፣ ያ ከሌለ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ መሆን አለባቸው። የጓንት ሳጥኑና በመቀመጫዎቹ መካከል ያለው ኮንሶል ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ኡበርና ሊፍት ደግሞ ግዛቱ ቢፈቅድም ሾፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይዙ በውላቸው ከልክለዋል።

ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ዕድሜው 21 የሞላ፣ አሻራ የሰጠ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት የሠለጠነ፤ ከዚያም ከማመልከቻው በኋላ 7 ቀን ይጠብቃል። ይህን «ድሃውን ለማግለል ነው» የሚሉ አሉ፤ የአሻራውና የሥልጠናው ወጪ ለሌሊት ሠራተኛ ቀላል እንዳልሆነ እኔም እቀበላለሁ። ግን አሻራ ሰጥቶና ሠልጥኖ ፈቃድ ማውጣት ለሌላ ሰው የሚገዛውን ያሸሸዋል፤ በንዴት ገዝቶ ወዲያው ሊጠቀምበት ያሰበውንም ጊዜ ይነሳዋል። የቱ ያመዝናል የሚለው እውነተኛ ክርክር ነው፤ ቡና ቤት ውስጥም ይህ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን ግን ይህን ሁሉ አይደለም። የሚያሳየን ጥቁሩን ጠመንጃ፣ ኤአር-15 የተባለውን ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ነገር ያቀላቅላሉ። በሱቅ የሚሸጠው ኤአር-15 ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ ነው። ቃታው እንደተያዘ የሚያርከፈክፈው አውቶማቲክ ከ1934 ጀምሮ በልዩ ምዝገባና በ200 ዶላር ቀረጥ ሥር ነው፤ ከሜይ 1986 በኋላ የተሠራውን ደግሞ ተራ ግለሰብ መያዝ አይችልም። ስለዚህ «ማንም ሰው ሱቅ ገብቶ መትረየስ ይገዛል» የሚለው ስህተት ነው። በሌላ በኩል «ከአደን ጠመንጃ አይለይም» የሚለውም ትልቁን ነገር ይዘለዋል፤ 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና በሰከንዶች ተነቅሎ ሌላ ይገባል።

ከ1994 እስከ 2004 ለአሥር ዓመት ኤአር-15ን በመሰሉ ጠመንጃዎች ላይ የቆየው የፌዴራል ክልከላ የከሸፈበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። ሕጉ ከተዘረዘሩት ሞዴሎች ሌላ፣ ካዝናው የሚነቀል ጠመንጃን የሚከለክለው ከተቆጠሩት ገጽታዎች ሁለቱን ካሟላ ነበር፤ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የሳንጃ ማሰሪያ፣ የእሳት ብልጭታ መቀነሻና የመሳሰሉት። ፋብሪካዎቹ የሳንጃ ማሰሪያውንና የብልጭታ መቀነሻውን አንስተው ያንኑ ጠመንጃ በሌላ ስም መሸጥ ቀጠሉ። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም ተከልክሎ ነበር፤ ቀድሞ የተሠራው ግን ሁሉ በሕጋዊነት ሲሸጥ ቆየ። በእኔ እምነት የካዝናው ገደብ ከገጽታው ዝርዝር ይልቅ ቁም ነገር አለው፤ ተኳሹ ካዝና ለመቀየር የሚቆምባት ጊዜ ሰዎች የሚያመልጡባት ጊዜ ናትና። ሆኖም ቁጥሩን ማወቅ አለብን። ኤፍቢአይ በ2019 ከመዘገባቸው 13,927 ግድያዎች ውስጥ በሽጉጥ የተፈጸሙት 6,368 ሲሆኑ በማንኛውም ዓይነት ጠመንጃ የተፈጸሙት 364 ናቸው፤ የመሣሪያው ዓይነት ያልታወቀ 3 ሺህ ያህልም አለ። የክርክራችን አብዛኛው ጊዜ በጠመንጃው ላይ ሲያልቅ በየሠፈሩ ሰው የሚገድለው ሽጉጥ ሳይነሳ ይቀራል።

ከወንጀል በኋላ ፖሊስ ሽጉጡን ሲያገኝም መንገዱን ወደ ኋላ ይሄድበታል። መለያ ቁጥሩ በማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ወዳለው መከታተያ ማዕከል ይላካል። ፊልም ላይ እንደምናየው ቁጥር አስገብቶ ስም የሚያወጣ ኮምፒውተር የለም፤ የ1986ቱ ሕግ አገር አቀፍ የባለቤቶች መዝገብ እንዳይኖር ይከለክላል። ሠራተኞቹ ፋብሪካውን ይጠይቃሉ፣ ፋብሪካው አከፋፋዩን ይነግራቸዋል፣ አከፋፋዩ ሱቁን፣ ሱቁ ደግሞ የ4473ቱን ቅጽ ከፋይል ያወጣል። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ የወረቀቶቹን ምስል አንድ በአንድ ያገላብጣሉ፤ በስም መፈለግ አይፈቀድም። የሚገኘውም የመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በእጅ ለእጅ ያለፈ ከሆነ ዱካው እዚያው ይቆማል። «መዝገብ ካለ ነገ ይወርሱናል» የሚለውን ፍርሃት አልንቀውም፤ መንግሥት ዝርዝር ይዞ በር ሲያንኳኳ ያየ ሕዝብ ነን። ግን የዚህ ፍርሃት ዋጋ የነፍሰ ገዳይ ዱካ መጥፋት መሆኑም ይነገር።

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ «ፕሬዚዳንቱ ለምን አያስቆመውም?» የሚለው ጥያቄ ከአገር ቤት ልምድ የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ ሥልጣን አንድ ቦታ ስለሚከማች እዚህም እንደዚያው እንጠብቃለን። እዚህ ግን አንድ ረቂቅ ሕግ በሴኔት ውስጥ ክርክሩ ተዘግቶ ወደ ድምፅ እንዲያልፍ ከ100 አባላት 60 ያስፈልጉታል። በዲሴምበር 2012 በሳንዲ ሁክ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላ፣ በጋን ሾውና በኢንተርኔት የሚደረግን ሽያጭ ወደ ማጣራት የሚያስገባ ሐሳብ በኤፕሪል 2013 ቀረበ። አንዱ አቅራቢ ዴሞክራት፣ ሌላው ሪፐብሊካን ነበሩ። 54 ደገፉት፣ 46 ተቃወሙት፤ ወደቀ። አብላጫው ደግፎት ነው የወደቀው። በሜይ 2022 በዩቫልዲ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲገደሉ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሕግ 65 ለ33 አለፈ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ገዢዎች ማጣራቱን እስከ 10 የሥራ ቀን የሚያራዝመው ይኸው ሕግ ነው።

ፓርቲውን አይተው የሚፈርዱም ይሳሳታሉ። በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ 60 ሰዎች ከሞቱበት ተኩስ በኋላ ተራውን ጠመንጃ እንደ አውቶማቲክ የሚያስተኩሰውን ተገጣሚ ዕቃ፣ በምፕ ስቶክን፣ የከለከለው የትራምፕ አስተዳደር ነው። ክልከላውን በጁን 2024 ያፈረሰው ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ 6 ለ3፣ ዕቃው በኮንግረስ ሕግ ትርጉም መትረየስ ስላልሆነ አስተዳደሩ ከሥልጣኑ አልፏል በሚል። በብሔራዊ ፓርኮች መሣሪያ መያዝን የፈቀደውን ሕግ በ2009 የፈረሙት ኦባማ ናቸው። ከ1981ዱ የግድያ ሙከራ የተረፉት ሬገን በ1991 የገዢዎችን ማጣሪያ ሕግ በአደባባይ ደግፈዋል።

ለውጥ በብዛት የሚመጣው ከግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ያንን ምርጫ ነው የሚዘለው። በቨርጂኒያ በኖቬምበር 2019 ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች አሸነፉ። በጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ወደ 22,000 የሚጠጉ የመሣሪያ መብት ደጋፊዎች፣ ብዙዎቹ ታጥቀው፣ ሪችመንድ ላይ ተሰለፉ። በዚያው ዓመት በጁላይ የሁሉም ሽያጭ ማጣሪያ፣ በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ ያለመግዛት ገደብና የአደጋ መከላከያ ትእዛዝ (አደገኛ ከሆነ ሰው መሣሪያውን ለጊዜው የሚያስወስድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ) ሥራ ላይ ዋሉ። ደጋፊም ሁን ተቃዋሚ፣ ሕግህን የጻፉት ስማቸውን ምናልባት የማታውቃቸው የግዛት ተወካዮች ናቸው።

እስካሁን ያልነካሁት ትልቁ ቁጥር አለ። በ2023 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ የሞቱት 46,728 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ 27,300ዎቹ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ የተገደሉት 17,927። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞት በክርክራችን ውስጥ የለም። በማኅበረሰባችን ይህ ዓይነት ሞት ሲደርስ «በድንገት አረፈ» ተብሎ ይሸፈናል፤ ለቅሶው ላይም ማንም አይጠይቅም። የቤተሰቡን ሐዘን ለማክበር ነው፣ ይገባኛል። ግን ዝምታው ቀጣዩን ቤተሰብ አያስጠነቅቅም። መሣሪያ ከሌላው መንገድ የሚለየው ዕድል አለመስጠቱ ነው፤ በእሱ ከሚሞክሩት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይሞታሉ። ብዙ ጊዜ ውሳኔው በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣና የሚያልፍ ነው፤ ሞክረው ከተረፉት አብዛኞቹም በኋላ በዚህ መንገድ አይሞቱም። ስለዚህ በእጅ ላይ ያለ መሣሪያና አንድ ክፍል ርቆ የተቆለፈ መሣሪያ ልዩነታቸው የሕይወት ነው።

መሣሪያ ይኑር አይኑር የሚለውን ክርክር ሳይጨርሱም ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ይኸው ነው፦ ጥይቱን ማውጣት፤ ካዝናውን ነቅሎ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ። ካዝናው ወጣ ተብሎ በርሜሉ ውስጥ አንድ ጥይት ሲረሳ አደጋ ይደርሳል። መሣሪያውን በሳጥን መቆለፍ፣ ጥይቱን በሌላ ቁልፍ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ። የገመድ ቁልፍ በብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል፤ ገመዱ በካዝናው ቀዳዳ ገብቶ ጥይት በሚወጣበት በኩል ይወጣል፣ ሲቆለፍ መሣሪያው አይዘጋም፣ አይተኩስም። ኮዱን የልጅ ልደት ማድረግ፣ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ መጣል፣ ትራስ ሥር ማስቀመጥ የቤቱ ልጅ በአንድ ከሰዓት የሚደርስበት ነው። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የተጫነ መሣሪያ መተውን ወንጀል አድርጋዋለች።

በቤት ውስጥ አንድ ሰው ከተጨነቀ፣ ካልተኛ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ከጀመረ፣ መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት ማውጣት ይቀድማል፤ ለእንዲህ ያለ ጭንቀት የእርዳታ መስመር ወደሆነው 988 መደወልም ይቻላል፣ በአስተርጓሚ ያነጋግራሉ። እሺ ካላለ ሜሪላንድ ውስጥ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ዘመድ፣ አብሮ የሚኖር ሰው፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ ወደ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሄዶ የአደጋ መከላከያ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ከተዘጋ ሌሊትም ሆነ እሑድ ማመልከቻውን የሚቀበል የፍርድ ቤት ኮሚሽነር አለ። ማመልከቻው ላይ «ያስፈራኛል» ማለት አይበቃም፤ ምን አለ፣ መቼ አለ፣ የትኛው መሣሪያ የት ተቀምጧል የሚለው በዝርዝር ይጻፋል። ዳኛው ካመነበት ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ በጥቅሉ በ7 ቀን ውስጥ ደግሞ ትእዛዙ የወጣበት ሰው ቀርቦ የሚከራከርበት ችሎት ይከፈታል። የመጨረሻው ትእዛዝ ቢበዛ ለ1 ዓመት ይቆያል፣ በ6 ወር ሊራዘም ይችላል። ጊዜው ሲያበቃ በሌላ ምክንያት ካልተከለከለ በስተቀር መሣሪያው ለባለቤቱ ይመለሳል።